ወደ ድሬዳዋ በመኪና ሲጓዙ መንገድ ላይ የሚያድሩበትን ሆቴል እንዴት እንደሚመርጡ

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ማልዶ ለተነሳ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ከሥራ በኋላ ለሚነሳ ወይም ሕፃናትና አረጋውያንን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን መንገድ ላይ ማደር የግድ ይሆናል።

በመጀመሪያ የሚያድሩበትን ከተማ ይወስኑ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ቆላ ከመሆኗም በላይ የጅቡቲ መንገድ የሚገነጠለው እዚያው ስለሆነ፣ ሲመሻሽ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች አልጋውን ቀድመው ይይዙታል። ጭሮ ነፋሻማ ስለሆነች እንቅልፍ ይመቻል፤ ሆኖም ከሚኤሶ በኋላ ያለውን ዳገትና ጠመዝማዛ በጨለማ መንዳት ፈጽሞ አልመክርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭሮ የማይደርሱ ከሆነ አዋሽ ይደሩ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሚውልበት በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን በዚህ መስመር አልጋ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይያዙ።

ቀጥለው ይደውሉ። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ያካተተ እንደሆነ፣ መኪናዎም ዘበኛ ባለበት ግቢ ውስጥ እንደሚያድር ይጠይቁ።

አዋሽ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው የጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ኤሲ ስላለው ብቻ ዋጋ ጨምረን በያዝነው ክፍል ውስጥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቢነሳም የኮሪደሩን አምፖሎች ከማብራት አልፎ ኤሲውን የማንቀሳቀስ አቅም አልነበረውም፤ መስኮቱም ወንፊት ስላልነበረው ትንኙን ፈርተን ልንከፍተው አልቻልንም፤ ልጆቹ እስኪነጋ ድረስ በላብ ተጠምቀው ሲገላበጡ አደሩ። ስለዚህ «ጄኔሬተር አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «መብራት ሲጠፋ ኤሲው ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ።

ከደረሱ በኋላ ሳይከፍሉ ክፍሉን ይዩ። ድካም ያገኙትን ሁሉ ያስመርጣልና ይህን እርምጃ አይዝለሉ። ቧንቧውን ከፍተው ውኃ መኖሩን፣ ከሌለም ሮቶው መሞላቱን ያረጋግጡ። አንሶላውን ገልጠው የፍራሹን ስፌት በስልክዎ መብራት ይመልከቱ፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካዩ ትኋን ሊኖር ስለሚችል ሌላ ክፍል ይጠይቁ። አጎበሩንም ዘርግተው ቀዳዳ እንደሌለው ይዩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ክፍሉ እንደተባለው ሆኖ ካልተገኘ ችግሩን ሌሊቱን ለእንግዳ ተቀባዩ ይንገሩ፤ ጠዋት ሒሳብ ሲዘጋ የሚቀርብ ቅሬታ ክብደት ያጣል። የጠፋውን ነገር ለይተው በመጥቀስ ክፍል እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ፤ ካልተቻለም ኤሲ ባለውና በቬንትሌተር ብቻ በሚያዘው ክፍል መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንዲመለስልዎ በትሕትና ግን ሳያመነቱ ይጠይቁ። የከፈሉበትን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ጉዳዩን ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመውሰድ ቢፈልጉ በእጅዎ የሚኖረው ማስረጃ እሱ ነው።