የሞተውን አፕ ሞቷል በሉ፦ በዶኔሽን የሚኖሩ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በትርፍ ሰዓቴ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ ኢሹ፣ ማለትም ዩዘሮች የሚጽፉትን የችግር ሪፖርት፣ እያነበብኩና እየመለስኩ ዓመታት ቆጥሬያለሁ፣ አንዱን ስህተት ግን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ ትዕግስቴ አልቋል፣ ከሱ ልጀምር።

ባለቤት አልባ የሆነን አፕ በህይወት እንዳለ ማስመሰል። ሜንቴይነሩ (ኮዱን የሚጠብቀውና የሚያስተካክለው ሰው) ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ የሚመልስ የለም፣ "ይርዱን" የሚለው በተን ግን እዛው አፑ ስር አለ። ሰው አፑን ወዶ ብሩን ይልካል፣ ብሩ ደግሞ ለሰርቨርና ለሌላ ስራ ይሄዳል። ይሄ እኮ ማታለል ነው፣ አስበንበት ባናደርገውም ማታለል ነው! መዝጋት ምኑ ነው ነውሩ? ሪፖውን (ኮዱ የተቀመጠበትን ቦታ) አርካይቭ አድርጉት፣ ማለትም እንዲነበብ ብቻ አድርጋችሁ ዝጉት፣ ሪድሚው (የመግለጫው ገጽ) አናት ላይ "ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚሠራበት ሰው የለም፣ የሴኪዩሪቲ ማስተካከያም አይወጣለትም፣ ዳታችሁን በዚህ መንገድ አውጡ" ብላችሁ ጻፉ፣ በተኑንም አንሱ። አርካይቭ የሆነ ኮድ ይነበባል፣ ፎርክም ይደረጋል (ሌላ ሰው ቀድቶ በራሱ ይቀጥልበታል)። ሲምፕል ሞባይል ቱልስ የሚባሉት የአንድሮይድ አፖች ስብስብ በ2023 መጨረሻ አካባቢ ለኩባንያ ሲሸጥ ኮዱ ክፍት ስለነበር ከሠሩበት ሰዎች አንዱ ፎርክ አድርጎ ፎሲፋይ ብሎ ቀጠለበት፣ ዩዘሩም መሄጃ አላጣም።

ኢሹን በቦት (በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) መዝጋት። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። በምንሠራው የማስታወሻ አፕ ላይ አንዲት አስተማሪ በአማርኛ ጻፈችልን፣ "ጸሀይ" ብላ የመዘገበችው ማስታወሻ "ፀሐይ" ብላ ስትፈልገው አይወጣም፣ የስክሪኑን ፎቶ ሁሉ አያይዛለች። 60 ቀን ማንም ሳይመልስላት እኔ ያስገባሁት ቦት ዘጋው። "ችግሩ አሁንም አለ" ብላ እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ተዘጋ፣ ከዛ በኋላ አልመጣችም። ማስተካከያው እኮ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነበር፣ የአንድ ቅዳሜ ስራ። ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ሲጽፍልን ጆሮ ዳባ ልበስ ከምንል "አይተነዋል፣ የሚሠራው ሰው ግን የለንም" ብንል ምን ነበረበት፣ እዛ ቦታ ላይ የሚሠራ ሌላ ሰው አንብቦ ያነሳዋል። አሁን ቦቱን አጥፍቼዋለሁ።

ብር የላከ ሰው የጠየቀውን ፊቸር ማስቀደም፦ በጭራሽ፣ ዶኔሽን ትዕዛዝ አይደለም።

ምን ያህል ብር እንዳለ አለመናገር። ዩዘሩ ከኋላችን ትልቅ ቢሮ ያለ ይመስለዋል። ግማሽ ኢንተርኔት ዳታውን ለመመስጠር የተደገፈበት ኦፕን ኤስኤስኤል በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ከባድ የሴኪዩሪቲ ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ ያኔ ነው ሰው የደነገጠው። ቁጥሩን ጻፉ፣ የት እንደሚሄድም ጻፉ። ለመጠየቅም አትፈሩ፣ ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ከቨርዥን 6.2 ጀምሮ በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠይቃል፣ ይሄ ማንንም አያስቀይምም።

የመጨረሻው፣ ደክሟችሁ ሳለ ቁልፉን፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የመቆጣጠር መብቱን፣ መጀመሪያ ለጠየቀ ሰው መስጠት። አዲስ ልጆች "ልርዳ" ሲሉ ደስ ይለኛል፣ ግን ኮድ መቀበል ሌላ፣ ሪሊዝ (ለዩዘሩ የሚደርስ አዲስ ቨርዥን) የማውጣት መብት ሌላ። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) እንዲህ ለማይታወቅ ሰው ተሰጥቶ ኮፔይ ከሚባለው ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ አፕ) ቢትኮይን ለመስረቅ የተሠራ ኮድ ገባበት። ፋይል የሚያጭቀው ኤክስዜድ ደግሞ ይባስ፣ ደመወዝ የሌለው የትርፍ ሰዓት ስራዬ ነው ያለውን ሜንቴይነር ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች "ስራው ተጓተተ፣ ለሌላ ስጥ" እያሉ ወተወቱት፣ ከሁለት ዓመት በላይ በትህትና ሲያግዝ የቆየው "ረዳት" በ2024 ድብቅ በር (በስውር መግቢያ የሚሆን ኮድ) አስገባበት። የተገኘው አንድ ኢንጂነር ኤስኤስኤች ሎጊን (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያው) በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ ከንክኖት ነው። ጥሩ ርክክብ ማየት የፈለገ ኬ-9 ሜይል የሚባለውን የአንድሮይድ ኢሜይል አፕ ይይ፣ በ2022 በልገሳ ወደሚኖረው የኢሜይል ፕሮጀክት ተንደርበርድ ሲገባ ሜንቴይነሩ ራሱ ተቀጥሮ አብሮ ገባ፣ በ2024 ተንደርበርድ ለአንድሮይድ ሆኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ተረካቢ ካልተገኘ ቁልፉን ለማንም አትስጡ፣ አርካይቭ አድርጉት፣ የፈለገ በራሱ ስም ፎርክ አድርጎ ይቀጥል።