በስፓርስ ውክልና ሥራ አልጎሪዝሙን ከመለወጥዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስፓርስ ውክልና አንድን ሲግናል ከዲክሽነሪ (አምዶቹ አተም ከሚባሉ ማትሪክስ) በተመረጡ ጥቂት አተሞች ብቻ መግለጽ ነው፤ እያንዳንዱ አተም የሚባዛበት ቁጥር ኮፊሸንት ይባላል። ውጤቱ ሲበላሽ ብዙ ሰው ከኦኤምፒ (አተሞችን አንድ በአንድ ከሚመርጠው) ወደ ላሶ (ኮፊሸንቶቹን በቅጣት ወደሚያሳንሰው)፣ ከላሶ ወደ ሌላ ይዘላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት የዲክሽነሪውን አምዶች እንዳሉ መውሰድ ነው። ኦኤምፒ በየዙሩ የሚያነሳው ከቀሪው (ገና ካልተገለጸው የሲግናሉ ክፍል) ጋር በፍጹም ዋጋ ትልቁን ዶት ፕሮዳክት የሚሰጠውን አምድ ነው። አምዶቹ (1፣ 0) እና (3፣ 4)፣ ሲግናሉ (2፣ 0) ይሁኑ። የመጀመሪያው አምድ ብቻውን ይበቃል፤ ዶት ፕሮዳክቱ ግን ለእሱ 2፣ ለሁለተኛው 6 ስለሆነ የሚመረጠው የተሳሳተው ነው። ሁለተኛውን በርዝመቱ በ5 ሲያካፍሉት 6 የነበረው 1.2 ይሆናል፣ ምርጫውም ይቃናል። ላሶም ከዚህ አያመልጥም፤ ረጅም አምድ ትንሽ ኮፊሸንት ስለሚበቃው ቅጣቱ ይቀልለታል። ሁሉንም ወደ ርዝመት 1 ያምጡ። ርዝመቶቹን ግን ያስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ ኮፊሸንቶቹ በእነሱ ይካፈላሉ።

ላምዳን (የላሶን ቅጣት ክብደት) ከሰው ኮድ ላይ መገልበጥ ሌላው ነው። ቀመርዎ የስህተቱ ካሬ ግማሽ ሲደመር ላምዳ በኤል1 ኖርም (በኮፊሸንቶቹ ፍጹም ዋጋ ድምር) ተባዝቶ ከሆነ፣ የዲክሽነሪውን ትራንስፖዝ በሲግናሉ ያባዙና በፍጹም ዋጋ ትልቁን ቁጥር ይያዙ። ላምዳ እዚያ ሲደርስ መልሱ ሁሉ ዜሮ ነው። ከዚያ በታች በሎግ እርከን እስከ ሺህኛው ይውረዱ፤ የአንዱ መልስ ለቀጣዩ መነሻ ይሁን። ሳይኪት ለርን (የፓይተን ላይብረሪ) የስህተቱን ካሬ በናሙናው ብዛትም ስለሚያካፍል፣ በ200 ናሙና የእርስዎ ላምዳ 10 እዚያ 0.05 ነው። ይህ ስንቱን እንዳደናገረ!

በኢስታ (ላሶን በተደጋጋሚ እርምጃ በሚፈታው አልጎሪዝም) እርምጃው 1 ሲካፈል ለትራንስፖዝና ዲክሽነሪ ብዜት ትልቁ አይገን ቫልዩ ነው። ከየእርምጃው በኋላ ትንንሽ ኮፊሸንቶችን ዜሮ የሚያደርገው የመቁረጫ ልክ ላምዳ ብቻ ሳይሆን ላምዳ በእርምጃው ተባዝቶ ነው።

ኦኤምፒን «10 አተም ይበቃል» ብሎ ማቆምም አያዋጣም። የኖይዙ ስታንዳርድ ዴቪየሽን 0.1፣ ናሙናው 100 ከሆነ የቀሪው ርዝመት 1 አካባቢ ሲደርስ ያቁሙ (0.1 በ100 ስኩዌር ሩት)። ከዚያ በኋላ የሚጨመር አተም የሚገልጸው ኖይዙን ነው።

በጣም አድካሚው ከፍርግርጉ (አተሞቹ ከተደረደሩባቸው ፍሪክዌንሲዎች) ውጭ የሚያርፍ ፍሪክዌንሲ ነው። በሰከንድ 1000 ናሙና ለ1 ሰከንድ ከወሰዱ የፉሪየር አተሞች በ1 ኸርዝ ልዩነት ይደረደራሉ። እንደ እኛ አገር በ50 ኸርዝ የሚሠራ የመብራት መስመር 50.1 ላይ ቢገኝ፣ አምስተኛው ሃርሞኒክ (የፍሪክዌንሲው አምስት እጥፍ) 250.5 ላይ ይውላል። ያኔ 250 እና 251 እያንዳንዳቸው 64 በመቶ ገደማ ከፍታ ያሳያሉ፣ ጭራው በሩቅ አተሞች ላይ ይበተናል፤ አንድ የነበረው ሲግናል ስፓርስ መሆኑ ቀረ። ፍርግርጉን ወደ 0.25 ኸርዝ ማጥበብ ደግሞ የጎረቤት አተሞችን መመሳሰል 0.9 ያደርሰዋል፣ አልጎሪዝሙም አንዱን በሌላው ይተካል። የሚሻለው በሰፊው ፍርግርግ ጫፉን አግኝቶ ዙሪያውን ብቻ ማጥራት ነው።

የላሶን ቁጥር እንዳለ ማቅረብም አለ። አተሞቹ ኦርቶኖርማል (ርዝመታቸው 1፣ የእርስ በርስ ዶት ፕሮዳክታቸው ዜሮ) ከሆኑ ላምዳ 1 ሲሆን 5 የነበረው ኮፊሸንት 4 ሆኖ ይወጣል። የተመረጡትን አምዶች ብቻ ይዘው ሌስት ስኩዌርስ (ያለ ቅጣት የስህተቱን ካሬ ብቻ የሚያሳንሰውን ስሌት) እንደገና ይሥሩ። ከተመረጡት መካከል ሊደራረቡ የደረሱ ሁለት አምዶች ካሉ ግን አንዱን ይጣሉ፤ አለበለዚያ ኮፊሸንቶቹ በተቃራኒ ምልክት ያብጣሉ።