ጀልባዋ መዝለሏን እንዴት እንዳቆመች

ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስባት ትንሽዬ የፋይበር ጀልባ ሰሞኑን በጣም አስጨንቃኝ ነበር። ፍጥነት ስጨምር አፍንጫዋ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ጧ! ደግሞ ብድግ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ አንዲት እናት መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው «ልጄ፣ ቀስ በል» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ማዕበል ነው እንዳልል፣ ጣና ጠዋት ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ለካ ጥፋቱ ከኋላ ነው። የሞተሩን ዘንበል ማለት የሚወስነው ፒን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ገብቷል። ሞተሩ እንዲያ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ፕሮፔለሩ ኋላዋን ይጫናል፣ አፍንጫዋን ያነሳል። መጠባበቂያ ጀሪካኑም መልህቁም እዚያው ኋላ ተከምረዋል። አፍንጫዋ ከልክ በላይ ሲነሳ ውሃው አይሸከመውም፣ ይወድቃል፤ ሞተሩ ደግሞ መልሶ ያነሳዋል።

ሞተሩን አጥፍቼ ፒኑን አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ አስጠጋሁት። ጀሪካኑንና መልህቁን ከፊት አሰርኳቸው። መዝለሉ ወዲያው ቀነሰ፤ ሁለት ሰው ወደ ፊት ሳስቀምጥ ጭራሽ ጠፋ። አንድ ቀዳዳ ልጨምር ስል ግን አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ተቀበረ፣ መሪውም ከበደኝ። መለስኩት። አደራ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቀዳዳ በላይ እንዳትነኩ።

እኚያ እናት በማግስቱ ሲመለሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። መቀመጫውን አልያዙም።