መጀመሪያ ባልዲዋን አጠጡ፣ ሮቦቱ ይደርሳል

አቦ፣ ኢንጂነሪንግ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያምረው ማሳ ላይ የሚሽከረከር ሮቦት መሥራት ነው። ለጊዜው ተዉት። በድሬ ሙቀት አንዲት የቃሪያ ችግኝ ባልዲ ውስጥ ተክላችሁ፣ እጃችሁ ሳይነካት፣ ማሽን ራሱ እያጠጣላችሁ ሳምንት ካቆያችኋት እሱ ራሱ ትልቅ ፕሮጀክት ነው።

አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ የአፈር እርጥበት ሴንሰር፣ 12 ቮልት አዳፕተርና ጀሪካን ያዙ። ፓምፑን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጠይቁ፤ የፊት መስታወት ላይ ውሃ የምትረጨዋ ትንሿ ፓምፕ በ12 ቮልት ትሠራለች፣ ግን ለሴኮንዶች ብቻ ነው፣ ረጅም ሰዓት ካስነሳችኋት ትቃጠላለች። ለግዢ ጠዋት ውጡ። ቀትር ላይ ማን ሱቅ ይከፍትላችኋል?

ባለ ሁለት ሹካው ሴንሰር ይረክሳል፣ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ቶሎ ይበላል። ብረቱ አፈር የማይነካውን፣ ካፓሲቲቭ የሚባለውን ግዙ፤ አናቱ ላይ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ የጥፍር ቀለም ቀቡት፣ ውሃ እንዳይገባው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ለኩ። ሴንሰሩን መጀመሪያ ደረቅ አፈር ውስጥ፣ ቀጥሎ ጠጥቶ የጠገበ አፈር ውስጥ ክተቱና ቁጥሮቹን መዝግቡ። ኡኖ ከ0 እስከ 1023 ያነባል፣ ካፓሲቲቩ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል አፈሩ ደርቋል ማለት ነው። የጓደኛችሁን ቁጥር አትገልብጡ፣ የእሱ አፈር ሌላ ነው። ከዚያ ኮዱ ላይ፣ ቁጥሩ አፈሩ መድረቁን ሲያሳይ ፓምፑ 3 ሴኮንድ ሠርቶ 5 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ውሃው እስኪሰርግ፣ ከዚያ እንደገና ይለካ። አሸዋማ አፈር ላይ አንዴ ብትለቁበት ውሃው በባልዲው ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል።

ፓምፑን በቀጥታ አርዱይኖው ፒን ላይ እንዳትሰኩ። አንዱ ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፣ ፓምፗ የምትፈልገው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሪሌዩ የተገዛው ለዚህ ነው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ኮዱም ሽቦውም አልነበረም። ጀሪካኑን ወንበር ላይ፣ ባልዲዋን መሬት ላይ አድርጌ ተኛሁ። ፓምፑ በሰዓቱ ቆሟል፤ ውሃው ግን ከላይ ወደ ታች በቱቦው ራሱን እየሳበ ሌሊቱን ሙሉ ፈሶ፣ ጠዋት ምንጣፉ ዋና ገንዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ጀሪካኑ ሁልጊዜ ከባልዲዋ ዝቅ ይበል።

ደግሞ የድሬ ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ነገር የቱቦውንም ቀዳዳ ይደፍናል። ጠብታው ሲቀጥን ጫፉን ነቅላችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት።