አልዛይመርና ፓርኪንሰን ላይ ሪሰርች መስራት ለምትፈልጉ፣ ከየት ይጀመራል

ባዮሎጂ፣ ባዮቴክ፣ ፋርማሲ ወይ ህክምና ተምራችሁ የነርቭ ሴል ቀስ በቀስ እየገደሉ በሚሄዱ በሽታዎች ላይ ሪሰርች መስራት የምትፈልጉ ልጆች ይሄን ለናንተ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ "አልዛይመር ላይ መስራት እፈልጋለሁ" ማለት ተዉ፣ በጣም ሰፊ ነው። አንድ ፕሮቲን ምረጡ፣ አልዛይመር ላይ የሚከማቸውን ታው በሉት፣ ፓርኪንሰን ላይ ያለውን አልፋ ሲኑክሊን በሉት፣ የሀንቲንግተን በሽታውን ሀንቲንግቲን በሉት፣ ከዛ ጤነኛ ሴል ውስጥ ስራው ምንድነው፣ ለምን ቅርጹን ይስታል፣ ለምን ይከማቻል፣ ከአንዱ ሴል ወደሌላው እንዴት ያልፋል እያላችሁ ተከታተሉት። አንዱን በደንብ የያዘ ሰው ሌላው አይከብደውም።

አሜሪካዊውን የነርቭ ሐኪም ስታንሊ ፕሩሲነርን እዩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1972 ሳንፍራንሲስኮ ሬዚደንት እያለ ክሮይትዝፌልት ያኮብ የሚባለው የአንጎል በሽታ የያዛት ታካሚ ገጠመችው፣ ከዛ በኋላ የሙጥኝ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ምንድነው? በ1982 ፕሮቲን ነው ብሎ ፕሪዮን የሚል ስም አወጣለት፣ ስንቱ ተቃወመው፣ ኖቤል የተሸለመው በ1997 ነው። ናንሲ ዌክስለር ደግሞ ትምህርቷ ሳይኮሎጂ ነው፣ እናቷ ሀንቲንግተን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ ነበረባቸው፣ ቬንዙዌላ ማራካይቦ ሀይቅ ዳር በሽታው የበዛባቸው ቤተሰቦች ጋ እየተመላለሰች ደምና የዘር ሀረግ ሰበሰበች። በ1983 ጂኑ ክሮሞዞም 4 ላይ መሆኑ ታወቀ፣ ጂኑ ራሱ እስኪገኝ ግን ሌላ 10 ዓመት ፈጀ። ቶሎ ውጤት የምትጠብቁ ከሆነ ይሄን ከአሁኑ አስቡበት።

ፔፐር ስታነቡ አብስትራክቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ቀጥታ ወደ ምስሎቹ ሂዱ። ዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን መጠን በጥቁር መስመር የሚያሳይ ምስል) ካለ በቅድሚያ ከታች ያለውን የአክቲን ባንድ እዩ፣ አክቲን በየሴሉ ያለ ፕሮቲን ነው፣ እሱ የሚነግራችሁ በየመስመሩ እኩል ፕሮቲን መጫኑን ነው፣ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከሳሳ ከላይ የምታዩት የታው ልዩነት ከበሽታው ይምጣ ከአጫጫኑ አታውቁም። ቀጥላችሁ ስንት ጊዜ እንደተደገመና በስንት አይጥ እንደተሰራ ከምስሉ ስር ፈልጉ። ይሄ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ፣ በ2006 ኔቸር የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ በሺ የሚቆጠር ሰው የጠቀሰው የአሚሎይድ (አልዛይመር ላይ አንጎል ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ፔፐር በምስሎቹ ችግር ምክንያት በ2024 ተሰርዟል፣ ስንት ላቦራቶሪ ስንት ዓመት እሱን ይዞ እንደሰራ ሳስብ በጣም ያናድደኛል።

እጃችሁን ለማፍታታት ደግሞ የግድ የአልዛይመር ላብ አይጠበቅም። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም በስጋ ደዌና በቲቢ ነው የሚታወቀው ግን አርኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዛት)፣ ንጹህ ፒፔት አያያዝ እዛም ሆነ ሌላ የኢንፌክሽን ላብ ከተማራችሁ የትም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ፒሲአር የቲቢ ዲኤንኤ ይሁን የነርቭ ሴል አይለይም። ላብ ካጣችሁ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል፣ ጂኦ (GEO) የሚባለው የአሜሪካ ዳታቤዝ ላይ ከአልዛይመር ታማሚዎች አንጎል የተወሰደ የጂን ዳታ በነጻ ይወርዳል፣ አር ወይ ፓይተን የሚባለውን ፕሮግራሚንግ ተምራችሁ አንድ የታተመ ምስል ራሳችሁ ድገሙ። በ2023 ላንሴት ኒውሮሎጂ የሚባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ናይጄሪያውያን የተካተቱበት ነበር፣ ጂቢኤ1 ጂን ላይ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ አውሮፓውያን ላይ ከሞላ ጎደል የማይገኝ ልዩነት አገኘ። የእኛ ሰው ዲኤንኤ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ይፈልግልን፣ እናንተ ናችሁ።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ "ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነኝ" የሚለውን አውጡት፣ ሁሉም ነው የሚለው። ከስድስት መስመር አይብለጥ፣ የቅርብ ፔፐራቸውን የትኛውን ምስል እንዳያችሁ፣ ምን ጥያቄ እንደፈጠረባችሁና በእጃችሁ ምን መስራት እንደምትችሉ ጻፉ፣ ሲቪ አያይዙ፣ በሁለት ሳምንት መልስ ከሌለ አንዴ አስታውሱ።

አሜሪካ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ተከፍሎላችሁ የኪስም ይሰጣል፣ ብዙ ቦታ ጂአርኢ የሚባለው የመግቢያ ፈተናም ቀርቷል። ለማመልከቻው ዶላር ከየት ላምጣ ለምትሉ ደግሞ፣ ሳትከፍሉ በፊት ክፍያውን እንዲያነሱላችሁ ለአድሚሽን ቢሮው ጻፉ፣ የሚያነሱ አሉ። ማመልከቻው አብዛኛው ህዳር መጨረሻ አካባቢ ስለሚዘጋ ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁን መምህራን መስከረም ላይ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፣ የሰራችሁትንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው።