ከተማ ጤና ላይ ማስተርስ ልትማሩ ያሰባችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች እንዳትደግሙ

አንደኛው ስህተት ሂሳብ የሌለበት ፕሮግራም ፍለጋ ነው። ሰው ሲያማክረኝ ወዲያው "ስታትስቲክስ ይበዛል እንዴ?" ይለኛል፣ አዎ ይበዛል፣ እሱን ከፈራችሁ ሌላ ፊልድ እዩ ነው የምለው። ቀላል ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አንድ ሰፈር 40 ሰው ታመመ ሌላው ሰፈር 20፣ የቱ ይብሳል? 40 ያላችሁ ተሸወዳችሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው 80 ሺህ ነዋሪ ካለው ሁለተኛው ደግሞ 10 ሺህ ብቻ ከሆነ ከ10 ሺህ ሰው ስናሰላው 5 እና 20 ነው የሚመጣው፣ ሁለተኛው በ4 እጥፍ ይብሳል ማለት ነው። የነዋሪዎቹን የእድሜ ልዩነት ገና አልነካነውም እኮ።

ካርታ መናቅም አለ። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ሲገባ ሟቾቹ የት የት ቤት እንደነበሩ እያጣራ ብሮድ ስትሪት ያለችው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ እንደሚበዙ አሳየ፣ እዛው አጠገብ ያለው ቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ቢራቸውን ስለሚጠጡ ተርፈዋል 😄 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፣ ስኖውም በኋላ ሟቾቹን ካርታ ላይ አስቀመጣቸው። (ወረርሽኙ እጀታው ከመነቀሉ በፊትም መብረድ ጀምሮ እንደነበር ብዙ ሰው አይናገርም።) አሁን ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል፣ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ መልመድ ነው።

ሌላው ኮርስ ሁሉ ከጤና ዲፓርትመንት ብቻ መውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቅ የአየር ብናኝ ያስቀመጠውን የዓመት አማካይ ገደብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ አወረደው፣ ጥሩ፣ ግን ብናኙን የሚቀንሰው ማነው? አውቶቡስ የሚገዛው፣ መንገድ የሚቀይሰው፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ክፍል ነው እንጂ ክሊኒክ አይደለም። ስለዚህ ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ሲመጣ ከተማ ፕላን፣ ትራንስፖርት፣ የቤቶች ፖሊሲ ውሰዱ፣ የማዘጋጃ ቤት በጀት ማንበብ የሚችል የጤና ባለሙያ ብርቅ ነው።

እውቅና የሌለው ፕሮግራም መግባት፣ ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ከመክፈላችሁ በፊት እውቅናውን ልትሠሩ በምትፈልጉበት አገር አጣሩ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተበልቻለሁ፣ "ድህነትና ጤና በከተማ" ብዬ ይዤ ሄድኩ፣ አማካሪዬ ርዕሱን አክብባ ከጎኑ "የት? ማን? መቼ?" ብላ መለሰችልኝ። ከስንት ወር በኋላ የቀረኝ አንድ መንገድ ላይ እግረኛ በብዛት የሚገጨው በስንት ሰዓት ነው የሚል ጥያቄ ነበር፣ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም የጠየቁኝ ስለሱ ብቻ ነው።