ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት በሰመር ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር አበሾች ቤት ለመሸጥ ስንነሳ መጀመሪያ የምንደውለው ለቀለም ቀቢ ነው። ቀለም መቀባቱ ባልከፋ። ግን በጁላይ ሙቀት ቤት ሊያይ የመጣ ሰው በሩን ሲከፍት ቀድሞ የሚያገኘው የቤቱን አየር ነው፦ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ጠረኑን። ገዢ በዓይኑ ባየው ጉድለት ዋጋ ይከራከራል፤ በጠረጠረው ጉድለት ግን ሳይናገር ጥሎ ይሄዳል።

ትምህርት እስኪዘጋ መጠበቅ

“ልጆቹ ትምህርት ይዝጉና እንጀምራለን” የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ልጆች ያሉት ገዢም የሚያስበው ስለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሳይከፈት መግባት ይፈልጋል። የዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚከፈቱት ኦገስት ውስጥ ነው። በብድር የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ከተስማማ በኋላ ክሎዚንግ (ሽያጩ በፊርማ የሚጠናቀቅበት ቀን) ላይ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ቀን ይፈጅበታል። ወደ ኋላ ሲቆጥሩት ቤቱ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ ገበያ ላይ መዋል፣ ጥገናው ደግሞ በማርችና በኤፕሪል ማለቅ አለበት። ከጁላይ 4 በኋላ የወጣ ቤትም ይሸጣል። ያኔ የሚቀርዎት ግን የማይቸኩል ገዢ ነው፤ የማይቸኩል ገዢ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከራከርዎታል።

ኤሲውን “ይሠራል” ብሎ መተው

ገዢው ቤቱን እንዲመረምርለት የሚያመጣው ኢንስፔክተር ውጭ ካለው ማሽን ላይ የተሠራበትን ዓመት ያነባል። አሮጌ ሆኖ አር-22 በሚባለው ጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ይህ ጋዝ ከ2020 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ እንዳይመረትም ከውጭ እንዳይገባም ስለተከለከለ መሙያው ውድ ነው። ገዢው ይህን ሲሰማ የአዲስ ኤሲ ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ሙቀቱ ሳይገባ ባለሙያ ጠርተው ያስመርምሩ፤ ደረሰኙን አይጣሉት። ፊልተሩን ይቀይሩ፣ ማሽኑን የከበበውን ቁጥቋጦ ይመንጥሩ፣ ውሃ የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦም ያስጠርጉ፤ እሱ ከተደፈነ ውሃው የሚፈሰው ቤት ውስጥ ነው።

ገዢ በሚመጣበት ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ቴርሞስታቱን 72 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ላይ ይተዉት። ለመብራት ወጪ ሲባል አጥፍቶ ወጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀር በስልክ ማብራት አያዋጣም፤ ላይኛው ፎቅ እስኪቀዘቅዝ ገዢው አይቶ ሄዷል።

ጠረንን በሽቶ መሸፈን

የራሳችን ቤት ለራሳችን አይሸተንም። የቁሌቱ፣ የበርበሬው፣ የቅቤውና የእጣኑ ጠረን ግን መጋረጃው፣ ምንጣፉና ሶፋው ውስጥ ተቀምጧል፤ አየሩ ሲሞቅና ሲረጥብ ይወጣል። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ምግብ የሚበስልበት ቤት ሁሉ ጠረን አለው። የሚጎዳው መሸፋፈኑ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሽቶ በየክፍሉ ሲደረግ፣ ወይም ገዢ ሊደርስ ሲል እጣን ሲጨስ፣ ሰውየው “ምን ሊደብቁ ነው?” ብሎ ሻጋታ ፍለጋ ማዕዘኑን ሁሉ ያያል።

መድኃኒቱ ጉልበት ይጠይቃል። መጋረጃው ይታጠብ፤ ምንጣፉ በባለሙያ ይጽዳ፣ ካረጀም ይነሳ። ከምድጃው በላይ ያለውን የማራገቢያ ፊልተር በሙቅ ውሃና በሳሙና ያስለቅቁት። የካቢኔቱ አናት ላይ እጅዎን ያሳልፉ፤ የዓመታት ቅባት ያገኛሉ። የኪችኑ ግድግዳ ቅባቱ ሳይታጠብ የተቀባ ከሆነ ቀለሙ በደንብ አይዝም፣ ጠረኑም ይመለሳል። ቤቱ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ ሽንኩርት የሚቁላላው ደጅ ወይም ዘመድ ቤት ይሁን። እስከ ኦገስት 22 ካልተሸጠ የፍልሰታ ፍቺው ዶሮም እህትዎ ቤት ይሠራ።

ቤዝመንቱን ያልሆነውን ነው ማለት

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ሞርጌጁን የከፈልነው ቤዝመንት እያከራየን ነው። ስንሸጥ ደግሞ “ታች አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ኪችን አለው” ብለን ማስታወቂያ ላይ እናስጽፋለን። መኝታ ቤት ለመባል ግን በእሳት አደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ያስፈልጋል። በተለመደው የግንባታ ኮድ የቤዝመንት መስኮት ክፍተት ቢያንስ 5 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት (ለላይኛው ፎቅ 5.7 ነው)፤ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። ይህን የማያሟላውን “ተጨማሪ ክፍል” ይበሉት።

ኪችኑና የመብራት መስመሩ ያለ ፐርሚት (የካውንቲ የግንባታ ፈቃድ) በወዳጅ የተሠራ ከሆነ ቀድመው ለኤጀንትዎ ይንገሩ፤ የገዢው ኤጀንት የካውንቲውን የፐርሚት መዝገብ ማየት ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን የሚሞላበት ወይም “እንዳለ ነው የምሸጠው” የሚልበት ፎርም አለ። ሁለተኛውን ቢመርጡም የሚያውቁትን የተደበቀ ከባድ ጉድለት የመናገር ግዴታ አይቀርልዎትም።

ታች የሚኖረው ሰው “የአገር ልጅ ነው፣ ስንነግረው ይወጣል” የሚባልም አለ። ውል ያለው ተከራይ ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ አይወጣም፤ በቃል የገባም ቢሆን በሕግ የተወሰነ የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለው። ከገዢው ጋር ከመፈራረምዎ በፊት የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ይያዙ።

እርጥበቱን ደግሞ ከውጭ ይጀምሩ። የሰመር ዝናብ እዚህ በአንድ ከሰዓት ይወርድና ያበቃል፤ የተደፈነ አሸንዳ ያንን ውሃ መሠረቱ ሥር ያፈሰዋል። አሸንዳውን ያስጠርጉ፤ ከሱ የሚወርደውን ቧንቧ ከግድግዳው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ጫማ ያርቁ፤ አፈሩም ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል። ታች እርጥበት መሳቢያ ማሽን አስገብተው እርጥበቱን 50 በመቶ አካባቢ ያድርሱ። የውሃ ምልክት ያለበትን ግድግዳ ነጭ ቀለም ቀብቶ መተው ግን ከንቱ ነው፤ ኢንስፔክተሩ እርጥበት መለኪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመ ቤት ወይም ኮንዶ ያልሆነ ታውንሃውስ ሲሸጥ የራዶን (ከአፈር የሚወጣ ሽታ የሌለው ጎጂ ጋዝ) ምርመራ ግዴታ ነው፤ ያንንም እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ቀድመው ያስጨርሱ።

በጁላይ ሳር መዝራት

የዚህ አገር የተለመደው ሳር በሙቀት ቢጫ ይሆናል፤ አልሞተም፣ ተኝቷል። የዘር ወቅቱ ሴፕቴምበር ነው። አሁን ከ3 እስከ 4 ኢንች አስረዝመው ይጨዱት፣ በጠዋት ያጠጡት፣ ዛፎቹ ሥር አዲስ መልች (የእንጨት ፍርፋሪ) ይልበስ። በቃ።

ኪችኑን አፍርሶ መሥራት

የገዢውን ምርጫ አያውቁም፤ ሰመር ላይ ኮንትራክተርም በቀኑ አይጨርስም። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧና የማይዘጋውን መሳቢያ ይጠግኑ፤ የቀረውን ገንዘብ ለኤሲውና ለቤዝመንቱ ያውሉት።

ገዢን እንደ እንግዳ መቀበል

ቤታችን የመጣን ሰው ዝም ብለን መሸኘት ይከብደናል። ቡና አፍልተው፣ “ቁጭ በሉ” ብለው፣ ለምን እንደሚሸጡ የሚያጫውቱ አሉ። ገዢው ግን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ከትዳር ጓደኛው ጋር በነጻነት ማውራት ነው የሚፈልገው፤ እርስዎ “አዲሱን ቤት ገዝተናል፣ ቶሎ መውጣት አለብን” ካሉም ዋጋዎን ራስዎ ሰበሩት። ቤቱን ለቀው ይውጡ። ወርቅ፣ ፓስፖርትና የሐኪም መድኃኒት ተቆልፎበት ይቀመጥ።

የቤት ውስጥ ካሜራ ካለ ድምፅ መቅጃውን ያጥፉ፤ በሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የታክሱን ጥያቄ ለመጨረሻ ማቆየት

ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ ሁለቱን በባለቤትነት የኖሩበት ቤት ሲሸጥ፣ ከትርፉ ላይ ላላገባ ሰው እስከ 250,000፣ በጋራ ታክስ ለሚያስገቡ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከፌዴራል ታክስ ነጻ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ታውንሃውስ አከራይተው የሄዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከወጡ 3 ዓመት ካለፈ ይህ ዕድል በአብዛኛው ያመልጣል። ቤቱ ሜሪላንድ ሆኖ እርስዎ አሁን የሚኖሩት ቨርጂኒያ ወይም አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ክሎዚንግ ላይ ለግዛቲቱ ታክስ ተቀንሶ ይያዛል፤ ከዚህ ነጻ ለመሆን የሚያስችል ምክንያት ካለዎት ማመልከቻው ከክሎዚንጉ ሳምንታት አስቀድሞ መግባት አለበት። የሒሳብ ባለሙያዎን ቤቱ ገበያ ላይ ሳይውል ያማክሩ።